ራውተሩ ሳይመጣ የሳልሁት ካርታ

ራውተር ይመጣላችኋል ከተባልን በኋላ ክረምት ወጥቶ ክረምት ሲገባ የመጣልን ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ዕቃው ከመድረሱ በፊት የግቢው የኔትወርክ ካርታ ተዘጋጅቶ ይቅረብ ይላል። እኔ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ከሩዝ መፈልፈያ ጋር አጥር የሚጋራ መሥሪያ ቤት ወረታ ላይ አንድ ብቻ አይደለምና ማንም «እኔን ነው» ብሎ እንዳያኮርፈኝ።

እኔ የዚያ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርሁ። ባለሙያ ማለት በዚያ ዘመን ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ የሚጠራ፣ የኃላፊው ስልክ ድምፁ ሲጠፋ የሚጠራ፣ ሲብስም የኃላፊው ሚስት ቴሌቪዥን ሲበላሽ ቤት ድረስ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ካርታ ሥራ ስባል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ተምሬ ከመጣሁ ወዲህ በትምህርቴ የምሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነዋ!

የኔትወርክ ካርታ ምንም አስማት የለውም። ራውተር የሚባለው ሳጥን ከውጭ የመጣውን መስመር ተቀብሎ በገመድ ለግቢው ኮምፒዩተሮች ያከፋፍላል። ሳጥኑ ከመተከሉ በፊት የትኛው ክፍል ምን ያህል ኮምፒዩተር እንዳለው፣ ሶኬቱ የት እንደሆነ፣ ገመዱ የቱን ግድግዳ በስቶ እንደሚያልፍ፣ ጣራው የት ላይ እንደሚያፈስ መታወቅ አለበት። ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ውሃውን ሳይለቅ ቦዩን ዞሮ እንደሚያየው ነው። ፎገራ ላይ ይህን ለገበሬ ብነግረው ቶሎ ይገባው ነበር። ያልገባቸው የቢሮ ሰዎች ናቸው።

ግቢያችን ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት የሠራው አልነበረም። ከደርግ ዘመን የቀረ የብሎኬት አዳራሽ አለ፤ በኮምፔንሳቶ ተሸንሽኖ ብዙ ቢሮ ሆኗል። ከጀርባው የጭቃ ቤት ተጨምሯል፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንዱ ፕሮጀክት ጥሎት የሄደ ኮንቴይነር አለ፤ እሱም ቢሮ ነው፣ ሰው ተቀምጦበታል። ጎረቤት ያለው መፈልፈያ ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር መብራታችን ይደበዝዛል፤ እብቁም በመስኮት እየገባ ፋይሉ ላይ ይተኛል። እኔ ይህን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ማስፈር ነበረብኝ።

ችግሩ ጊዜው ነው። የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ነገር ከላይ ወርዶ ሠራተኛ ሁሉ እንደ አዲስ ሊመደብ ነው የተባለበት ወቅት ነበር። መደቡ የታጠፈበት ሰው «ተንሳፋፊ» ይባላል፤ ተንሳፋፊ የሆነ ደግሞ ከሜዳው ማዶ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ቀበሌዎች ባንዱ ይወረወራል። እዚያ በበጋ በሞተር ሳይክል ይደረሳል። በክረምት ግን ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ያለ ታንኳ መግባትም መውጣትም የለም። ወረታ ላይ ቤት የሠራ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። የኔም ባለቤት በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ቢሆንም ለራሴ አልሠጋሁም፤ ካርታ የሚሠራ ሰው ማን ይነካዋል ብዬ።

ወሬው ከየት እንደ ተነሣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ጧት ግቢው ሁሉ «ካርታው ላይ ገመድ ያልተሳለለት ጠረጴዛ መደቡ ይታጠፋል» እያለ ይንሾካሾክ ጀመር። የገመድ ካርታ ነው እንጂ የእንጀራ ካርታ አይደለም ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነገርኋቸው። ማን ሰምቶኝ! እኔ በማልሁ ቁጥር ጭራሽ ነገሩ እውነት ቢሆን ነው እንጂ ምን አስማለው ይሉ ጀመር።

ወሬው ሳይነሣ በፊት ግቢውን ስዞር የሚሠራ ኮምፒዩተር ያገኘሁት በጣት በሚቆጠሩ ክፍሎች ነበር። ሰዉም ቀና ብሎ አላየኝም። ከወሬው በኋላ ሜትር ይዤ ገመድ ልለካ ስገባ ጉድ ፈላ። ባዶ የነበረው ጠረጴዛ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። በኛ ቢሮ ኮምፒዩተር ራቁቱን አይቀመጥም፤ ሚስት ወይም እኅት የሠራችው ዳንቴል ይለብሳል። የሰው ዳንቴል መግለጥ ደግሞ ነውር ነው፤ እንግድነት ሄዶ የባለቤቱን ሌማት ከፍቶ ከማየት አይተናነስም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔ እንደማልገልጥም ያውቃሉ።

ሒሳብ ክፍል ስገባ ከዳንቴሉ ሥር አንቴና ብቅ ብሏል። ሒሳብ ሹሙ ቴሌቪዥኑን ከቤቱ ተሸክሞ መጥቷል። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን በጨው ታጥቦ አዲስ ሞዴል ነው አለኝ። የጭቃ ቤቶቹ ሰዎች ከመጋዘን የሞቱትን ኮምፒዩተሮች አስወጥተው ተከፋፍለዋል፤ አንዱ ግማሽ ጎኑ የለም፣ ግን አበባ ያለበት ዳንቴል ደርሶታል። የኮንቴይነሩ ሰው ያለበሰው የብስኩት ካርቶን ነው። በጠባቡ ሳልፍ የኮቴ ጫፍ ነካውና ካርቶኑ ዱብ አለ። ባዶ ነበር። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን፤ እሱ ወደ መስኮቱ አየ፣ እኔ ሜትሬን ጠቀለልሁ።

አዳራሹ መሐል ላይ ያለው ክፍል የታይፒስቷ ነው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ግቢውም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ኃላፊውን አንቱ የምለው ፊት ለፊቱ ስቆም ብቻ ነው፤ እሳቸውን ግን በሌሉበትም አንቱ ነው የምላቸው። ስንት ኃላፊ ሲመጣና ሲሄድ የሁሉንም ደብዳቤ ሲመቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ደመወዝ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከቢሯቸው እስከ አጥሩ በር ለመድረስ እንኳ መሐል ላይ ቆመው ያርፋሉ። ከሜዳው ማዶ የተላኩ እንደሆነ ሥራውን ጥለው ቤታቸው ከመግባት በቀር ምርጫ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጡረታቸው ደግሞ ጥቂት ነው የቀረው።

እሳቸው ዘንድ ስደርስ ዳንቴሉ ጉብ ብሏል። እኔ ገና ሳልናገር ጫፉን ይዘው ራሳቸው ገለጡልኝ። ከሥሩ ያቺው የጽሕፈት መኪና ናት። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ አንተ ገመዱን እስከዚህ ድረስ ሳበው። ጫፉ ላይ ምን እንዳለ ማን መጥቶ ያያል?» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። እዚያው ቆሜ ሳልሁላቸው። ለጽሕፈት መኪና ገመድ ከሳልሁ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ የምከለክልበት ምክንያት አጣሁ። ግማሽ ጎን ለሌለውም፣ ለብስኩት ካርቶኑም ሳልሁ። ካርታው አማረ። እንደዚያ ያለ በኮምፒዩተር የተጥለቀለቀ መሥሪያ ቤት ባሕር ዳርም የነበረ አይመስለኝም።

ካርታውን ለኃላፊው ይዤ ገባሁ። ኃላፊያችን ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ፣ ስብሰባ የሚወድ፣ ከወንበሩ ሲነሣ ኮቱን የሚቆልፍ ሰው ነው። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ «የኔ ቢሮ ለምን ከታች ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢሮው በግቢው ደቡብ ጫፍ ስለሆነ ነው፣ ሰሜን ከላይ ነው የሚሳለው ብዬ አስረዳሁት። እሱ ግን መዋቅር ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይሄድም አለና መልሶ ሰጠኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ገልብጬ ሳልሁት። በኔ ካርታ ላይ ጣና በምሥራቅ በኩል ሆነ፤ የደብረ ታቦሩም መንገድ ወደ ምዕራብ፣ እውነተኛው ሐይቅ ወዳለበት ዞረ። አሁን ተስተካከለ ተባለ።

ቀጥሎ ሳጥኑ የት ይተከል የሚለው መጣ። ኃላፊው «እኔ ቢሮ ነው እንጂ ሌላ የት ሊሆን ነው?» አለ። እሺ አልሁና መስመር ሲጠፋ ሰዉ ሁሉ የሚሮጠው ሳጥኑ ወዳለበት ክፍል መሆኑን፣ ባለሙያውም መሰላል ይዞ እንደሚገባ፣ መስመሩም ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ መሆኑን ረጋ ብዬ ነገርሁት። ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ አልፈጀበትም። ለሠራተኛው ቅርብ ይሁን አለ። ትክክለኛው ቦታ መጀመሪያውኑም የእትዬ ክፍል ነበር፤ መሐል ላይ ነው፣ አያፈስም፣ ሶኬቱም መብራት የሚያገኘው መፈልፈያው ከሚያንቀጠቅጠው መስመር አይደለም። ሳጥኑን እዚያ ሳልሁት። ኃላፊው ማኅተሙን መታበት፤ እኔም ካርታዬ ወደ ላይ ሊላክ ነው ብዬ ቀና ብዬ ወጣሁ።

ካርታው ወዲያው ወደ ላይ አልተላከም። የምደባ ኮሚቴው ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ አንድም ወረቀት አጥቶ ሲቸገር ኃላፊው የኔን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። ሕዝቡ በወሬ የፈራውን ነገር እኔው በእርሳስና በማስመሪያ ሠርቼ አቅርቤላቸው ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ሒሳብ ሹሙ አለ። የኮንቴይነሩ ሰው አለ። እትዬ ሳጥኑ ክፍላቸው ውስጥ ስለተሳለ «የኔትወርክ ክትትል ሠራተኛ» ተብለዋል። እኔ የለሁም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አየሁት። ስሜ ከሥር፣ ከተንሳፋፊዎቹ ጋር ነበር።

ደሜ ፈልቶ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው አልተቆጣም፤ ካርታውን ስቦ ወደ እኔ አዞረው።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ አንተ የምትቀመጥበትን በጣትህ አሳየኝ።»

ጣቴ ወረቀቱ ላይ ዞረች ዞረችና የትም አላረፈችም። ጠረጴዛ አልነበረኝማ! ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞርሁ ቆሜ ነበር የምሠራው፤ መሣሪያዬም የሚያድረው መጋዘን ውስጥ ነው። ገመድ ዘርጊ ለራሱ ገመድ ምን ያደርግለታል፣ ማን ይስልለታል? ሁሉም ክፍል ውስጥ ነኝ አልሁት፤ ድምፄ ራሴንም አላሳመነኝም።

«በሁሉም ቦታ ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው» አለኝ ኃላፊው። «ለእሱም መደብ አልሰጠነውም።»

ወይ ጉድ! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያ ሰውዬ እንደዚያ ያለ ጥሩ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በንዴቴ መሐል ሳቄ መጣብኝ።

በማግሥቱ እትዬ ጠርተውኝ በሩን ዘጉት። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ኃላፊውን ጠርቼ ዳንቴሉን ገልጬ ላሳየው፣ ከኔ ይልቅ አንተ ቦታውን ያዝ፣ አንተ ልጅ ሊወለድልህ ነው አሉኝ። ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ፣ ልቤ ከጅሏል። አፌን ከፍቼ እሺ ልል ነበር። ግን የእሳቸው ዳንቴል ከተገለጠ የሒሳብ ሹሙም ይገለጣል፣ የጭቃ ቤቶቹም፣ ካርቶኑም፤ ግማሹ ግቢ ተንሳፈፈ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ጉልበት ታንኳ ሲወጣና ሲወርድ ታየኝ። ይተዉት፣ ይሸፍኑት አልኋቸው። ቤቴ ገብቼ ይህን ደግነቴን ለባለቤቴ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን ራሴን ረግሜ ነው ያደርሁት።

የተመደብሁባት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። መብራት የለም። ስልክ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፣ እሱም ደመና ካልወረደ። የኮምፒዩተር ባለሙያው ያን ክረምት የማዳበሪያ ጆንያ ሲያስቆጥር ከረመ። የገጠሩ ሰው ደግ ነው፣ ወተቱን ጥብሱን አልነፈገኝም፤ ግን ውሃው እየሰፋ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ቤቴን አስባለሁ። ባለቤቴ ወረታ ብቻዋን ናት፣ እናቷም እናቴም ሩቅ ናቸው። ምጡ ቢመጣ ማን ይነግረኛል የሚል ሐሳብ ብቻ ነበር የያዘኝ።

ራውተሩ፣ ያ ስንጠብቀው የከረምነው፣ እኔ በወጣሁ ሰሞን ዱብ አለ። ከውጭ የተላከ ቴክኒሻን በካርታዬ መሠረት ገመዱን ዘረጋ። እስከ ቴሌቪዥኑ ዘረጋ። እስከ ካርቶኑም ዘረጋ። ሰውየው ገመድ እንዲስብ እንጂ እንዲጠይቅ አልተላከም፤ ጨርሶ ፈረመና ሄደ። ሳጥኑም እትዬ ክፍል ውስጥ፣ ከጽሕፈት መኪናዋ ጎን መብራቱን እያርገበገበ ተቀመጠ።

ውሃው ገና ሳይሞላ አንድ ቀን ኃላፊው ሞተር ሳይክል ልኮ አስጠራኝ፤ መስመሩ ሞቷል ተባለ። ስደርስ የሞተ ነገር የለም፤ የሳጥኑ ሶኬት ተነቅሎ ነው። የጽዳቷ ሴት ስትጠርግ ነቅላው ይሆናል። ለእትዬ አሳየኋቸው። አሃ፣ ይቺ ናት እንዴ ነገሩ ሁሉ ብለው ዝቅ ብለው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ስለ ሳጥኑ ሌላ አልጠየቁኝም፤ ይልቅ ባለቤትህ የምትወልደው መቼ ነው አሉኝ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው ብዬ ወደ ውሃዬ ተመለስሁ።

ነሐሴ ሲገባ ሜዳው ባሕር ሆነ። በወሩ መጨረሻ አንድ ጧት ዝናቡ ሳያባራ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው መጥቶ ከወረታ ተልኬ ነው፣ ኔትወርኩ ሞቷል፣ ዛሬ የሚሄድ ሪፖርት አለ፣ ኃላፊው አሁኑኑ ይምጣ ብሏል አለኝ። በውሃ ላይ ሆኜ ያን ሰውዬ ከነሪፖርቱ፣ ከነሳጥኑ እየረገምሁ ተሻገርሁ። ታንኳው መሬት ሲነካ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ጭቃ ተለውሶ ይጠብቀኛል። ግቢ የደረስሁት ቀትር ላይ ነው። ኃላፊው ኮቱን ቆልፎ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል፤ ቶሎ በል፣ በላይ በኩል እየጠበቁን ነው አለኝ። ሰላም ሳልለው ወደ እትዬ ክፍል አለፍሁ።

እትዬ በሩን ሞልተው ቆመዋል። ልገባ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሶኬቷን እኔ እሰካታለሁ፤ አውቃታለሁ። አንተ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጥ። ከጧት ጀምሮ ምጥ ይዟታል።»

መጀመሪያ አልገባኝም።  እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፦ ጎረቤታችን ጧት ግቢ ድረስ መጥታ ኃላፊውን «ባሏን አስጠሩላት» ብላ ለምናዋለች። እሱ ሞተሩም ነዳጁም ለመንግሥት ሥራ እንጂ ለግል ጉዳይ አይወጣም ብሎ መልሷታል። እትዬ ደብዳቤ ሊያስፈርሙ ገብተው ይህን ቆመው ሰምተዋል።  ወደ ክፍላቸው ተመልሰው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ሶኬቷን ነቀሉ። ከዚያ ተመልሰው ገብተው ጌታዬ፣ ኔትወርኩ ሞተ አሉት።

አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ። በጓሮ በኩል ሮጥሁ። በኋላ እንደሰማሁት እትዬ በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ ኃላፊው ባንኳኳ ቁጥር እየጠገነ ነው፣ አይረበሽ እያሉ ከሰዓቱን ሁሉ ሲመልሱት ዋሉ። እኔ ጤና ጣቢያው ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርሁና ነርሷ ወደ ውስጥ አላስገባችኝም። ቁመህ ጠብቅ ተባልሁ። ባለቤቴ በሩ ማዶ ሆና ስሜን ስትጠራ መጣሁ ብዬ ጮኼ መለስሁላት፤ ልጄ ስትወለድ የመጀመሪያውን ለቅሶዋን እዚያው በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁት።